ማንኪራ፤ ስሟ በጆንያ ላይ የማይጻፍ የቡና መንደር

በቡና ንግድ ላይ የተሠማራ ሰው ሁሉ «ጅማ 5» የሚለውን ስም ያውቃል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በአንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት መሥራት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታልና ይህን ስም በሽያጭ ውል፥ በደረሰኝ፥ በመርከብ የጭነት ሰነድና በባንክ ወረቀት ላይ ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ጻፈው ቍጥሩን አያውቀውም። በስሙ ሥር የሚጠቃለለው ግን የጅማ ቡና ብቻ አይደለም። ከኢሉባቦር ጫካና ከካፋ ተራሮች የሚወርደው በፀሐይ የደረቀ ቡናም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ስም ተጠርቶና በዚሁ ዋጋ ተገምቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ቡናው የበቀለበት መንደር ስም አዲስ አበባ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። ይህ ጉዳይ ለብዙ ዘመን አሳስቦኝ አያውቅም ነበር፤ ጸሐፊ የሚጽፈው የተሰጠውን ነውና።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በ2016 ዓ.ም. ከአንድ የአውሮፓ ደንበኛችን የመጣ ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ቃል ባጭሩ፥ «የምትልኩልን ቡና የበቀለበትን መሬት አስታውቁን» የሚል ነበር። ምክንያቱም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከ2020 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ እንዳይሆን ተወስኗል። ለዚሁም ማረጋገጫ የእያንዳንዱ ማሳ ሥፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተለክቶ መቅረብ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ያነሰ እንደ ሆነ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ ግን ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ደንበኞቻችን ግን ቀኑን ሳይጠብቁ መጠየቅ ጀመሩ።

እኛም ጠየቅን። በመጋዘናችን የነበረው አንድ ኮንቴይነር፥ ማለት 320 ጆንያ ነው። አቅራቢውን ብንጠይቀው ሰብሳቢውን ጠየቀ፤ ሰብሳቢውም «ከካፋ ነው» ብሎ መለሰ። ካፋ የሚያህል ሰፊ አገር አንዲት ነጥብ ሊሆን አይችልምና ደንበኛው ግዢውን ተወው፤ ቡናውም ይህን ጥያቄ ለማይጠይቅ ሌላ ገዢ በርካሽ ተሸጠ። አሠሪዬ የኪሳራውን ሂሳብ አይተው ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፥ «ስንት ዓመት ሙሉ ጻፍኸው እኮ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ሂድና የቡናውን እግር አይተህ ና» አሉኝ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ተነሥቼ ሄድሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን መንገድ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ስለ ሆነ አልተርክም። ከጅማ ወዲያ መኪናው ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እንደ ገና ሽቅብ ይወጣል። የካፋ አገር ከዚያ ይጀምራል። አየሩ ይቀዘቅዛል፥ ጉሙ ይወርዳል፥ በግራና በቀኝም እንሰትና ዛፍ ብቻ ይታያል። ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ነጋዴ ግን ቦንጋን የሚያውቃት ከዚህ በፊት ነው። የካፋ ነገሥታት በነገሡበት ዘመን የሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴ አሞሌና ማርያ ቴሬዛ ብር ይዞ የሚመጣው ወደዚህች ገበያ ነበር፤ ሲመለስም ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ቡና፥ ኮረሪማና ማር ይዞ ይሄዳል። የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማርከው መንግሥቱ አበቃ። የአካባቢው ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለአንድ ጠቅላይ ግዛት ተሰጥቶ ነበር፤ ዋና ከተማው ግን ጅማ ሆነና የቡናውም ስም የዋና ከተማውን ስም ተከትሎ ቀረ።

ማንኪራ በዴቻ ወረዳ ውስጥ ናት። ከቦንጋ ተነሥቶ በጠጠር መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ወይም በቅሎ ነው። በዚህ አገር ዝናብ የማይዘንብባቸው ወራት ጥቂቶች ናቸውና በኅዳርም ቢሆን ጭቃው እስከ ቍርጭምጭሚት ይደርሳል። እኔ የከተማ ጫማ አድርጌ ሄጄ ነበር። መንገድ የመራኝ የገበሬዎች ማኅበር ልጅ ጫማዬን አይቶ ከትሕትናው የተነሣ ምንም አላለኝም፤ ወንዙን ስንሻገር ግን እጄን ይዞ አሻገረኝ።

መንደሪቱ እንደ ሌላው መንደር ቤቶቿ ተጠጋግተው የሚታዩ አይደለችም። አንድ ቤት፥ እንሰት፥ ጥቂት በቆሎና ጎመን፥ ከዚያ ደን፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቤት። በደኑ ውስጥ ቀረሮና ዋንዛ ከሁሉ በላይ ይቆማሉ፤ ከእነርሱ በታች ብሳናና ሌሎች መካከለኛ ዛፎች አሉ፤ ከእነዚህም በታች በከፊል ጨለማ ውስጥ ቡና ይገኛል። እኔ ቡና ሲባል የማውቀው በሥዕልና በፋብሪካ ግቢ የተተከለውን ዱቅዱቅ ያለ ዛፍ ስለ ነበር እስኪያሳዩኝ ድረስ አላየሁትም። የጫካ ቡና ግንዱ ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዝዞ አድጓል፤ ቅርንጫፉ ጥቂት ሲሆን በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የቈጠርሁት ቀይ ፍሬ ከሁለቱ እጆቼ ጣቶች ቍጥር አይበልጥም ነበር። ማንም አልተከለውም። ፍሬውን ወፍና ዝንጀሮ በልተው ፍሬ ነገሩን በጣሉበት በቀለ፤ የካፋ ሰዎች በቋንቋቸው «ቡኖ» ይሉታል።

አረቢካ የተባለው የቡና ዘር የትውልድ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሊቃውንት ያረጋገጡት ጉዳይ ነው። ማንኪራ ደግሞ ከሁሉ የቀደመችው የቡና እናት ዛፍ የምትገኝብኝ እኔ ነኝ ትላለች፤ በጅማ ዞን ያለችው ጮጬም ይህንኑ ክብር ለራሷ ታደርጋለች። ስለ ፍየል ጠባቂው ካልዲ የሚነገረው ታሪክ መጀመሪያ በጽሑፍ የታተመው በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1671 ነውና ሁለቱን መንደሮች በእርሱ ማስታረቅ አይቻልም። በእኔ አስተያየት ለነጋዴ የሚበጀው ክርክሩ ሳይሆን ደኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ተክሉን በፈጀው ጊዜ መድኃኒት የተገኘው ከዚሁ ከደን ቡና ነበር፤ ዛሬ በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ተለቅመው በጅማ ምርምር ጣቢያ የተመረጡ ናቸው። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ ደግሞ የምንሄደው ወዴት እንደ ሆነ ግልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዓይነቶች ከመቶ 60ው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ገልጧል፤ አረቢካም ከእነርሱ አንዱ ነው።

ያደርሁበት ቤት ባለቤት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቆጮና ማር ቀረበልኝ፤ ከዚያም ቡና ተፈላ። «አባባ፥ የርስዎ ማሳ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የመጣሁት ለዚሁ ነበርና። በአስተርጓሚው በኩል ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ ደኑ አመለከቱና ከዚያ ወንዝ እስከዚያ ትልቅ ዛፍ ያለው አባታቸው ይለቅሙት የነበረ መሆኑን፥ ጎረቤታቸውም ይህን እንደሚያውቅ፥ አጥር ግን እንደሌለው ነገሩኝ። «ልጄ፥ ማሳ የሚባለውስ በቆሎው ነው፤ ይኸ ደን ነው» አሉኝ። በአውሮፓ የተጻፈው ደንብ የሚጠይቀውን ማረጋገጫ እኚህ ሰው ሕይወታቸውን ሙሉ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ያነሳቸው ወረቀቱ ነው።

አንባቢዎቻችን ነጋዴዎች እንደ መሆናችሁ የሥራውንና የዋጋውን ነገር ትጠይቁኛላችሁ። የጫካ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ፍሬው አንድ ጊዜ ስለማይቀላ ደኅና አድርጎ ለመልቀም ያው ሰው በያው ዛፍ ሥር ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ በአልጋ ላይም ሳይከመር እየተገላበጠ መድረቅ ይኖርበታል። እንዲህ የተዘጋጀው ጀንፈል ተፈልፍሎ ሲቀመስ ደረጃው ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በመንደሩ ገበያ የሚቆመው ሰብሳቢ በጥንቃቄ የተለቀመውንና አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ተጠራርጎ በመሬት ላይ የደረቀውን በአንድ ዋጋ ከገዛው፥ ሦስት ጊዜ የተመላለሰው ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመላለስም። ጀንፈሉም ቦንጋ ሲደርስ ከጊምቦ፥ ከጨናና ከገዋታ ከመጣው ጋር በአንድ መፈልፈያ ይገባል። እኛም አዲስ አበባ ሆነን «የጅማ ቡና የአፈር ጣዕም አለበት» የሚል ደብዳቤ ከደንበኛ ሲደርሰን ገበሬውን እንወቅሳለን።

ከዚህ የሚከተለው የበለጠ የሚያሳስብ ነው። ዋጋው ያነሰበት ሰው ጉድለቱን በብዛት ለመሙላት ይሞክራል። ብዛት ለማግኘት ደግሞ ጥላውን ማሳሳት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሥር ሥሩን ያጸዳል፥ ከዚያ መካከለኛዎቹን ዛፎች ይቈርጣል፥ ከዚያ የትልልቆቹ ዛፎች ችግኝ ከቡናው ችግኝ ጋር እየተሻማ ነው ብሎ ይነቅላል። ቡናው ለጥቂት ዓመታት ብዙ ያፈራል። ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ ግን የሚተካቸው አይኖርም። በመንገዴ ላይ እንዲህ የሳሳ ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ቡናውም ቀርቶ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን አይቻለሁ። መንገድ የመራኝ ልጅ እንዳስረዳኝ ባሕር ዛፍ ዝንጀሮ አይበላውም፥ ለቀማ አያሻውም፥ ገዢውም ራሱ ቈርጦ ይወስደዋል። በሂሳብ የማይረታ ነገር ነው፤ እኔም የምመልሰው አላገኘሁም።

ስም በንግድ ላይ ያለውን ዋጋ ለማሳየት ከዚያው አገር የተገኘ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጌሻ በካፋ ያለ ወረዳ ስም ሲሆን በዚያው አካባቢም ጎሪ ጌሻ የተባለ ደን አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚያ አገር የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ በኩል አልፎ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ ምርምር ጣቢያ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ብዙ ስለማያፈራ ለረጅም ጊዜ ማንም አልፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ይህን ቡና ለብቻው ለይቶ በጨረታ ቢያቀርበው በዚያን ጊዜ ተሰምቶ በማይታወቅ ዋጋ፥ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በ2019 ደግሞ ሌላ የፓናማ እርሻ አንዱን ፓውንድ በ1,029 ዶላር ሸጠ። ፓናማዎች ስሙን እንኳ «ጌይሻ» ብለው አጣመው ነው የሚጽፉት፤ ግን ይጽፉታል። እኛ አስተካክለን ማንበብ የምንችለው ስሙን ጥለን ጅማ 5 እንላለን።

በዚህ ነገር የተደረገ ጥረት የለም ለማለት አይደለም። የካፋ የደን ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቁሞ የአባሎቹን ቡና በስሙ ለውጭ ገዢ ሲያቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 760,000 ሄክታር የሚያህለው የካፋ አገር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው ደኑን በማኅበር የሚጠብቁና የሚጠቀሙበት መንደሮችም ጥቂት አይደሉም። የግል ላኪም ቢሆን ከእ.ኤ.አ. 2017 የቡና ግብይት አዋጅ ወዲህ ምንጩ የታወቀ ቡና ለይቶ ለመግዛት በሩ ተከፍቶለታል። እንግዲህ ስንፍናው በከፊል የኛ ነው፤ ተቀላቅሎ የመጣውን መግዛት ይቀላልና።

ቡና ብቻ ለሚያዩ ላኪዎች ሌላም ልንገራችሁ። በዚያው ደን ውስጥ፥ በዚያው ጥላ ሥር ኮረሪማ ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ይደርቅና ተበስቶ በገመድ ይሰካል። ባልትና የምትሸጡ ባለ ሱቆች ጥምዝ የምትሉት ረጅሙ በርበሬ የሚመጣውም ከዚህ ከደቡብ ምዕራቡ ደን ነው፤ በሐረግ ሆኖ በዛፍ ላይ ይወጣል፥ በጭስም ስለሚደርቅ ያን ሽታውን ያገኛል። ማሩን ለማየት ግን አንገትን ቀና ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቀፎው ከመሬት ብዙ ክንድ ከፍ ብሎ በትልልቅ ዛፎች ላይ ተሰቅሏልና። ጌተም የተባለው ዛፍ ባበበ ጊዜ የሚቈረጠው ማር ነጭ ሲሆን ከብሳና የሚገኘው ጠቈር ይላል። እኚያ ሽማግሌ ትልቁን ዛፍ ለምን እንዳልቈረጡት ብጠይቃቸው የሰጡኝ ምክንያት ስለ ዝናብ ወይም ስለ አየር አልነበረም፤ 6 ቀፎ አለበት አሉኝ። አንድ ዛፍ በአራት ምርት ኪራዩን ሲከፍል የሚቈርጠው አይገኝም። ከአራቱ አንዱ ዋጋ ሲያጣ ግን ሂሳቡ ይናጋል።

ስመለስ ያየሁትን ሁሉ ለአሠሪዬ በጽሑፍ አቀረብሁ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ብዙ ሳይሆን 20 ኩንታል ቀይ ቀዩ የተለቀመ ጀንፈል ከመንደሩ ማኅበር ለይተን እንድንገዛ፥ ከገበያው ዋጋም በፈረሱላ ጨምረን እንድንከፍል ፈቀዱ። ጭማሪው ምን ያህል መሆን እንዳለበት ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ሁለት ቀን ተከራክረናል፤ እኔ የላኪ ጸሐፊ ነኝና ክርክሩን አላሸነፍሁም፥ እነርሱም የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም። ነጥቦቹን የማኅበሩ ልጅ በስልኩ ለክቶ ላከልን፤ በሳተላይት ካርታ ላይ አስገብተን ብናያቸው በሁሉም ላይ የሚታየው ያልተቋረጠ አረንጓዴ ብቻ ነው። ቡናው ለብቻው እንዲፈለፈል የመፈልፈያው ባለቤት ተራ እንዲሰጠን 9 ቀን ጠበቅን። ይህ የ9 ቀን ወጪ በሂሳባችን አልነበረም፤ ከኛ በኋላ የሚሞክር ሰው አስቀድሞ ያስብበት። ከአውሮፓው ደንበኛ የመጣው ዋጋ ወጪውን ሸፍኖ ትንሽ ትርፍ ተርፎበታል፤ ትልቅ ትርፍ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ለሚቀጥለው ወቅት ግን 60 ኩንታል ጠይቀውናል፤ መንደሪቱም ያን ያህል በጥንቃቄ የተለቀመ ቡና ማቅረብ ትችል እንደ ሆነ ማኅበሩ ገና አልመለሰልንም።

በጆንያዎቹ ላይ የመንደሩ ስም እንዲታተም ትእዛዝ ስሰጥ አታሚው «ማንኪራ» የሚለውን በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፈው ጠየቀኝ። በቦንጋ ያየኋቸው ሁለት ወረቀቶች ስሙን በሁለት ዓይነት ጽፈውታል። ወደ ማኅበሩ ደውዬ አንዱን እንዲመርጡልኝ አድርጌያለሁ፤ ከእንግዲህ በኋላም ከኛ ቤት በሚወጣ ወረቀት ሁሉ የሚጻፈው የመረጡት ነው።

ወደ ማንኪራ ለመሄድ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሄድ ይሻላል። አስቀድሞ በቦንጋ የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ካፊኖኖ የሚያውቅ ሰው ይያዝ፤ የጎማ ቦቲም አይርሳ።